ስፍር

ጦሳ ጉም ደርቦ፣ ደሴ ዝናብ ለብሳ፣
ሸምሲያ ይመር መጣች ጉንጯን በሻሽ አብሳ።
ጫማዋን አወለቀች፤ ወንበሩ ነጭ ነው፣
"ላቆሽሽብሽ" ብላ። እግሯ ግን ንጹሕ ነው።
ሐይቅ ገበያ ውስጥ ምስርና ሽምብራ
ሠላሳ ዓመት ሙሉ በጣሳ ስትሰፍር ኖራ፣
ዛሬ ግን የመጣች በአንድ ጉዳይ ነበር፦
"ንቀይልኝ ልጄ፤ ይህ ጥርስ ቤት ለቋል፣ ከእኔ ጋር አይኖር።"

መብራቱን ሳብኩት። አፏን ከፈተች።
ድዷ ከዳር እስከ ዳር እንደ ዶቅማ ፍሬ የጠቆረ፣
በመርፌና በጥላሸት የተወቀረ።

"የሠርጌ ሳምንት ነው" አለች እጄን ገፍታ፣
"ሁለት ሴቶች ይዘውኝ፣ ሦስተኛዋ ወግታ።
ጥርስሽ ይነጣል፣ ሳቅሽ ያምራል አሉኝ፤
አልቅሼ ስጨርስ መስታወት ሰጡኝ።"

እኔ የተማርኩት፦
ጤነኛ ድድ ሮዝ ነው፣ የታመመው ቀላ ይላል።
የመጽሐፉ ሥዕል ግን ሸምሲያን መች ያውቃል?
ቀለም ምስክር ነው ብለው ያስተማሩኝ
እዚህ አፍ ውስጥ ገብቼ ዝም አለኝ።

ስለዚህ መለኪያዋን አነሳሁ፤
ቀጭን ናት፣ ጫፏ ደነዝ፣ ሚሊ ሜትር የተሰመረባት።
ደርበው ቅጹን ይዞ እስክሪብቶ አዘጋጀላት።
በጥርስና በድድ መሃል ቀስ አድርጌ ሰደድኳት፤
አንዱን ጥርስ ስድስት ቦታ፣ እየዞርኩ ጠየቅኳት።

"ሦስት። ሁለት። ሦስት።
ሦስት። አራት። አራት፣ ደም አለ።"
ደርበው ነጥብ ጣለ።
"አምስት። ስድስት።"
"ሰባት።"

እዚያ ላይ ድምፄ ወረደ። መለኪያዋ ገባች፣
አጥንት እዚህ ይኖራል ያልኩበትን አለፈች።
ከጥቁሩ ድድ ዳር ቀይ ፈትል ወጣ፤
ያኔ መርፌ የሸሸገውን የመርፌ ዘመድ አመጣ።

ሰፋሪ ናት፤ ቁጥር አያመልጣትም።
"ሰባት ያልሽው" አለች ምራቋን ተፍታ፣
"ሞልቶ ነው ጎድሎ?
እኔ ሰባት ካልኩኝ ጫፉ ተቆልሎ፣ ምርቃት ታክሎ።"

የእኔ ስፍር እኮ የተገላበጠ ነው፤
ቁጥሩ በጨመረ ጉድለት ነው የሚያድገው።
"ድዱ ከጥርሱ ሲርቅ ኪስ ይሠራል" አልኳት።
"ኪስ?" ብላ ሳቀች፣ ደም በከንፈሯ።
"የእኔ ኪስ እንደሆን መች ሞልቶ ያውቃል?
ግን አሞኝ አያውቅም! አንድም ቀን፣ ወላሂ!"
"ክፋቱ እሱ ነው። ድምፅ የለውም ሲበላ።"
ዝም ብላ አሰበች።
"እንደ ነቀዝ በይኛ። ከላይ ሲያዩት እህል፣ እጅ ሲሰዱ ዱቄት።"

ከዚያ በላይ የሚያስረዳ ቃል የለኝም።

"ሌሊት ትጠሚያለሽ? ሽንት ያመላልስሻል?"
ሻሿን ትታ እኔን አየች፣ ፊቷ ጠቆር አለ።
"ማን ነገረሽ?"
"ድድሽ።"
ታች ቤት ስኳሯን እንዲያዩላት ወረቀት ጻፍኩኝ።
"አብሽሪ" አልኳት። ራሴንም ነበር አብሽሪ ያልኩት።

ጥርሷን ዛሬ አልነቅልም፤ መጀመሪያ ይጠረግ፣
ሥሩ ላይ የደረቀው ድንጋይ ይፈለግ።
"እስቲ ያቺን ስፍር" ብላ እጇን ዘረጋች፤
መለኪያዋን ወስዳ ወደ መስኮት አቀረበች፣
መስመሯን አንድ በአንድ በጥፍሯ ቆጠረች፣
የተጭበረበረ ጣሳ ቂጡን እንደሚመታ ሰው
ገለበጠችና ጫፏን ጠረጴዛዬ ላይ አንኳኳች።
"ልክ ናት" አለች። መለሰችልኝ።

ጫማዋን ስታጠልቅ፦ "ሦስት ወር ነው ያልሽኝ?"
"ሦስት ወር። ያን ቀን እንደገና እሰፍርሻለሁ።"
ዕድሜ ልኳን "ሙላልኝ" ስትል የኖረች ሴት
በሩ ላይ ቆማ ሁለት እጇን ዘረጋች፣
"ያረቢ" አለች፣
"ይጉደልልኝ።"

ደርበው ሳቀ። ከዚያ ቅጹን አየ፣ ሰባቷን፣
ሳቁን ዋጠ።